ማን ቀድሞ ጠራ

ፈሪ ሰው ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል? ልጅቷ ይህን በየጠዋቱ ራሷን ትጠይቃለች። መልሱንም በየጠዋቱ ለራሷ ትሰጣለች፤ ሌሎች እንዳይወድቁ ትጠብቃለች።

የምትሠራው የረጃጅም ፎቆችን መስታወት ከውጭ በሚያጥብ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራው የጥንድ ሥራ ነው። አንዱ በገመድ ታስሮ ከጣሪያው ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌላው ላይ ሆኖ ገመዶቹ የታሰሩበትን ብረት ይጠብቃል። ገመዱ ሁለት ነው። ሰውየው የሚንጠለጠልበት የሥራ ገመድ ይባላል። ሌላው መጠባበቂያ ነው፤ የመጀመሪያው ከከዳ የሚይዘው እሱ ነው።

ወራጁ ጫፉ ላይ ቆሞ መታጠቂያውን በጣቱ ነካ ነካ ያደርግና «ታስሯል» ይላል። ጠባቂው ይህን ሲሰማ የሁለቱንም ገመድ ቋጠሮ በእጁ ስቦ ያጠብቅና «ይዣለሁ» ይላል። ሁለቱ ቃላት ሳይባሉ እግሩን ያሳለፈ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይባረራል። አለቃው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

ልጅቷ ግን ከደንቡም አልፋ ሄዳለች። «ቆይ! ቆይ እስቲ፣ አንዴ ደግሜ ልየው» ሳትል ያወረደችው ሰው የለም። ሠራተኞቹ ስሟን ትተው ቆይቆይ የሚሏት ለዚህ ነው። ቢያሾፉባትም ሁሉም ከሷ ጋር መመደብ ይፈልጋል። አለቃውም ለእንግዳ ሲያስተዋውቃት «ይህቺ የኔ ፈሪ ናት፤ በደፋር አልለውጣትም» ይላል።

ፍርሃቷ ከሰማይ አልወረደም። አባቷ የቤት ቀለም ቀቢ ነበሩ። ልጅ ሳለች፣ አባቷና ታላቅ ወንድሟ የቆሙበት የእንጨት መወጣጫ ተናደ። አባቷ ወገባቸው ተሰብሮ ተረፉ። ወንድሟ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ፤ አባቷ ደረጃ ማየት አይወዱም።

አባቷ ይህን ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይነግራሉ። «ስወድቅ ጠራሁት። ‹አምላኬ!› አልኩ፤ ያዘኝ» ይላሉ። ስለ ልጃቸው የሚጠይቅ ሰው ካለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱ ምስኪን ለመጥራት ጊዜ አላገኘም። ሳያውቀው ነው የሄደው» ይላሉ።

ልጅቷ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ተምራ አደገች። የጠራ ይተርፋል፤ ያልጠራ ይሄዳል። ስለዚህ መንገድ ስትሻገር ትጠራለች፤ አሳንሰር ውስጥ ስትገባ ትጠራለች፤ ሰው ስታወርድ ደግሞ በሰውየው ፈንታ ትጠራለች። እግዚአብሔርን አትወደውም ማለት አይደለም፤ ትወደዋለች። ብቻ አንድ ቀን ሳትጠራው ብትቀር እንዳያልፋት ትፈራለች።

ይህ ሁሉ ያለ ብዙ ችግር ይኖር ነበር፣ አንድ ልጅ ባይቀጠር።

የመጣው ማለዳ ላይ፣ ባልዲውን በአንድ እጁ፣ የተጠቀለለ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ትንሽ ሰፋ ያለ ልጅ ነው። ጫፉ ላይ ቆመና መታጠቂያውን ነካክቶ «ታስሯል» አለ።

ቋጠሮዎቹን ሳበች። «ቆይ» አለች። ደግማ ሳበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከፈጣሪ ጋር።»

«ስለኔ?»

«ስላንተ ነዋ! ማን ሊወርድ ነው?»

«እኔን እኮ አያውቀኝም።»

ቀና ብላ አየችው። እየቀለደ መስሏት ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ የለም።

«እንዴት አያውቅህም?»

«አልተዋወቅንም። ስሙን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ግን እስካሁን አላየሁም።»

የልጅቷ እጅ ቋጠሮው ላይ ደረቀ። ከእግሩ ሥር እስከ አስፋልቱ ድረስ አየር ብቻ ነው። ሰው እዚህ ቦታ ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል?

«እንዲህ ብለህ ልትወርድ ነው?»

«እህሳ! ልወርድ ነው የተቀጠርኩት።» ፈገግ አለ። «ይልቅ ‹ይዣለሁ› በይኝ፤ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ከመጣች ሳሙናው ይደርቅብኛል።»

«ይዣለሁ» አለች።  እሱ ከጫፉ ሲሰወር ለሁለት ሰው የሚሆን ጸሎት ጸለየችለት።

ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞቹ ለእሱም ስም አወጡለት፤ ማስረጃ። ሻይ አልቋል ሲሉት «ማስረጃህ?» የሚል ሰው ሌላ ምን ሊባል ይችላል? አለቃው ደግሞ ፈሪዋንና ጠያቂውን በቋሚነት አንድ ላይ መደባቸው። አስቦበት ይሁን ሳያስብበት አይታወቅም።

ምሳቸውን የሚበሉት ጣሪያው ላይ፣ ከውሃ ጋኑ ጀርባ ባለው ጥላ ነው። ዳቦና ቲማቲም ይዘው ይቀመጣሉ፤ ቲማቲሙ ሳያልቅ ክርክር ይጀመራል።

«እሺ፣ ነፋስን ታየዋለህ?» አለችው አንድ ቀን። ያሸነፈች መስሏት ዳቦዋን አስቀምጣ ነበር።

«ነፋስን? በደንብ ነው የማውቀው! ትናንት አይደል እንዴ ከግድግዳው ጋር ያላተመኝ? ክንዴን ላሳይሽ?»

«ምን ዓይነት ሰው ነህ! ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ሠራው?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ብሎ መልስ አለ?»

«አለ እንጂ። ከሁሉም የሚከብደው መልስ እሱ ነው። እስቲ አንቺ አንድ ቀን ሞክሪው።»

«እኔማ አልሞክርም» አለች፤ በእውነት ደንግጣ ነበር። «አንተ ግን ተቀይመኸው ነው አይደል? የሆነ ነገር ለምነኸው ከልክሎህ ነው።»

ቲማቲሙን በቢላ ከፈለና ተለቅ ያለውን ለእሷ ሰጣት። «አልተቀየምኩም። ያልተዋወቅኩትን ሰው እንዴት እቀየማለሁ? ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ሰጥቼ አዳምጬ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ እኔ አልሰማሁም። ‹ሰምቻለሁ› ብዬ ከማስመሰል ‹አልሰማሁም› ማለት ይሻላል ብዬ ነው።»

 እንዲህ በየዋህነት ሲናገር ልትቆጣው ትፈልግና አንጀቷን ይበላታል። ስድብ ቢናገር ይቀላት ነበር። ከምሳ በኋላ ሳሙናውን ሲበጠብጥ ቆማ ታየዋለች፤ ቀና ሲል ዓይኗን ትሰብራለች። እሱም ማየቷን ያውቃል። ባልዲው ከሞላ በኋላም ውሃ ሲጨምር ሁለት ጊዜ ጫማውን አርሷል።

አንድ ቀን ግን ክርክሩ ወዳላሰቡት ቦታ ሄደ።

«እኔን የሚገርመኝ ምን መሰለሽ?» አለ ማስረጃ። «ሁለት ሰዎች ከአንድ ቦታ ይወድቃሉ። አንዱ ይተርፋል። የተረፈው ‹ፈጣሪ አዳነኝ› ይላል። እሺ፣ ይበል። ያልተረፈው ቢጠየቅስ ምን ይላል?»

 ዘወር ብሎ ሲያያት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንሽ? ምን አልኩ?»

ነገረችው። መወጣጫውን፣ አባቷን፣ ወንድሟን፣ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ ማስረጃ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«አፈር ልብላ! አላወቅኩም እኮ። ይቅር በይኝ።»

«አንተ ምን አጠፋህ?» እንባዋ ወረደ። «ወንድሜ ጊዜ ስላላገኘ ነው። አንተ ግን ጊዜ ብታገኝም አትጠራም! በየቀኑ እኔ ነኝ የማወርድህ፤ በየቀኑ ይህን እያሰብኩ ነው የማወርድህ። ገመዱ ቢከዳህ ማንን ትጠራለህ? ማንንም! ዝም ብለህ ትሄዳለህ። ከዚያ በኋላ እዚህም የለህም፣ እዚያም አላገኝህም። ይገባሃል?»

ገባው። ስለ ሃይማኖት እየተናገረች እንዳልነበር ገባው። እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ፤ የእሱ እጅ ከሳሙናው ብዛት የተሰነጣጠቀ ነው፤ የእሷ ከገመዱ ብዛት የሻከረ ነው። 

«እኔ ደግሞ» አለ፣ «‹ይዣለሁ› ስትይኝ ድምፅሽን ለመስማት ነው ጠዋት ጠዋት የምነሳው። ብዙ ጊዜ ልነግርሽ አስቤ ፈራሁ።»

«አንተ? ትፈራለህ እንዴ?»

«በጣም ነዋ!»

ከለቅሶዋ መሃል ሳቀች።

በሚቀጥለው እሑድ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ አባቷ ዘንድ መጣ። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው ተቀበሉት። ስለ ሥራው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት። ጆሮውን እያዩም «ይህ ጆሮ ከናትህ ነው ወይስ ካባትህ?» ብለው አሳቁት። ወደዱት። ቆይቆይ ከአባቷ ፊት ላይ ይህን አንብባ ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ልጄ» አሉ አባቷ። «ታምናለህ?»

ማስረጃ እሷን አየ። እሷ ወለሉን አየች።

«አላምንም» አለ። «ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ሽማግሌው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ።

«ጥሩ ልጅ ነህ። ሥራችሁን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እኔም ከፍታ ላይ ነው የኖርኩት። አንድ ልጅ ከፍታ ላይ ቀርቶብኛል። ያለችኝን አንዲት ልጅ መጠባበቂያ ገመድ ለሌለው ሰው አልሰጥም። አትቀየመኝ።»

መንገድ ላይ ስትሸኘው ንዴትም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዛት።

«አንዲት ቃል እኮ ናት! ‹አምናለሁ› ብትል ምን ይቆረጥብሃል? የሚሰማ የለም ትል የለ? ታዲያ ማንን ነው የምትፈራው?»

«አንቺን።»

«እኔን?»

ቆመ። ሰው በግራና በቀኝ ያልፋል። «አንቺ ‹ይዣለሁ› ስትይኝ ወደ ኋላ ሳልዞር እግሬን አሳልፋለሁ። ለምን? ሳትይዢ እንደማትይ ስለማውቅ ነው። ሳትይዢ ‹ይዣለሁ› ብትይኝ …»

«እንዲህ አትበል! በስመ አብ! አፍህን ያዝ!»

«አየሽ? እኔም ሳላምን ‹አምናለሁ› ብል ያው ነው። ከዚያ በኋላ ‹እወድሻለሁ› ስልሽ በምን ታምኚኛለሽ?»

እውነቱን እንደሆነ ገባት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። አባቷ ሐሳባቸውን እንደማይለውጡ ታውቃለች። እሷም አባቷን በዚያች ክፍል ብቻቸውን ትታ አትሄድም። እንግዲህ ይህ ነገር በዚህ አለቀ ማለት ነው።

«መዋሸት አልችልም» አለ ማስረጃ፣ ፊቷን እያየ። «መሞከር ግን እችላለሁ።»

«ምን ልትሞክር?»

«አንድ ጊዜ ልጥራው። አንቺ እንደምትይው፣ ከልቤ። ከመለሰልኝ እሰየው። ዝም ካለኝም ቢያንስ ‹ሳትጠራው ቀረህ› አትይኝም።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የሚያልፍ ሰው ሁሉ አያቸው፤ ግድ አልሰጣትም።

በማግስቱ የነበሩበት ፎቅ የከተማው ረጅሙ ባይሆንም ለፈሪ ይበቃል። ነፋስ ነበር፤ ቀላል፣ ነገር ግን መንገዱን የሚለዋውጥ ነፋስ። ማስረጃ ገመዶቹን ብረቱ ላይ ጠምጥሞ አሰረ፤ መታጠቂያውን ታጠቀ፤ ባልዲውን አንጠለጠለ። ከዚያ ጫፉ ላይ ቆመና ዓይኑን ጨፈነ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

ቆይቆይ ትንፋሿን ዋጠች። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ለቅሶ፣ ለዚህች ቅጽበት ነበር። ልጁ የእውነቱን ነው፤ ግንባሩ ተኮማትሯል፤ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ለመስማት እንደሚጥር ሰው ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጓል። እንዳትረብሸው ብላ ጫማዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ሰው ሁሉ እንዳይቸኩል ስትለምን የኖረች ልጅ በደስታ ብዛት አፏ ተዘጋ።

ዓይኑን ገለጠ። ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ አፈር ብሎ ፈገግ አለላትና እግሩን አሳለፈ።

ገመዱ ተወጠረ። ባልዲው ግድግዳውን መታ፤ እንደ ሁልጊዜው። ቆይቆይ ፊቷ በፈገግታ እንደተሞላ ቆማለች። አንድ ነገር ግን ከውስጥ ጎተታት። ምንድን ነው የቀረው? ዛሬ ምን አልተባለም?

«ታስሯል» አላለም።

እሷም «ይዣለሁ» አላለችም።

«ቆይ!» ልትል አፏን ስትከፍት ከታች ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ።

መታጠቂያውን ከሥራ ገመዱ ጋር የሚያገናኘው መንጠቆ አፉ በብሎን ነው የሚዘጋው። ማስረጃ በየቀኑ «ታስሯል» ከማለቱ በፊት በጣቱ የሚነካካው ይህን ብሎን ነበር። ያን ቀን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ብሎኑን አልነካውም። ወደ ጎን ሲንሸራተት መንጠቆው ተከፈተና ገመዱ አመለጠው።

«አምላኬ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ወዲያው ደግሞ የእሷን ቅጽል ስም በጩኸት ሰማች።

መጠባበቂያው ገመድ ተወጥሮ ቀጥ አለ። ይዞታል! ዓይኗ ግን ብረቱ ላይ አረፈ። ገመዱ ብረቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ቋጠሮው ግን የላላ ነው። የሚያጠብቀው የእሷ እጅ ነበር። አሁን በልጁ ክብደት ቋጠሮው ቀስ እያለ ይፈታል፤ የገመዱ ጫፍ እንደ ትል እየተሳበ ወደ ውስጥ ይገባል።

ዘላ ጫፉን ያዘች። እግሮቿን ብረቱ ላይ አስደግፋ ወደ ኋላ ተጋደመች። ጥምጥሙ ባይኖር ኖሮ አንዲት ሴት አንድ ወንድ መያዝ አትችልም ነበር፤ ጥምጥሙ ረዳት። ያም ሆኖ ገመዱ በመዳፏ ውስጥ እየነደደ አለፈ፤ ቆዳዋን ይዞት ሄደ። አለቀቀችም።

«ያዙት!» ብላ ጮኸች። «መስኮት ክፈቱ! ያዙት! ሰው ያዙ!»

ከታች ወንበር ሲወድቅ፣ ሰዎች ሲጯጯሁ፣ መስኮት ሲከፈት ሰማች። ገመዱ አሁንም ይከብዳል። አሁንም ይከብዳል። የሚቀጥለው ትንፋሽ የመጨረሻው ይሁን አይሁን አታውቅም፤ የእሷ ሳይሆን የእሱ። ከዚያ ድንገት ገመዱ ቀለለ። ለአፍታ የቀለለበትን ምክንያት ማወቅ አልፈለገችም። ዓይኗን ጨፍና ተጋድማ ቀረች።

«ገብቷል! ይዘነዋል!» የሚል የማታውቀው ሰው ድምፅ ከታች መጣ።

ደረጃው ላይ ተገናኙ። እሱ ሲወጣ፣ እሷ ስትወርድ። አንድ ጫማው የለም፤ ቅንድቡ ተሰንጥቋል። ሁለቱም ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። 

«ጠራህ» አለችው።

«ሰማሽኝ?»

«እሱንም እኔንም።»

መዳፏን ገልብጦ አየና ግንባሩን በእጇ አንጓ ላይ አደረገ። እሷ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። መንገድ ለመሻገር የምትጸልይ ልጅ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል አልጸለየችም። «ያዙት» ከማለት ሌላ አፏ ውስጥ ምንም አልነበረም። ይህን ለማንም ልትናገር አልደፈረችም።

አለቃው በደንቡ መሠረት ሁለቱንም ሊያባርራቸው እስኪቃረብ ድረስ ጮኸባቸው፤ ጮሆ ሲጨርስ ግን ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገና ሳያባርራቸው ቀረ። አባቷም ወሬውን ሰሙ። «ልጁን ይዘሽው ነይ» አሏት።

ሲገቡ አባቷ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። እንግዳ ቆመው ሲቀበሉ አይታ አታውቅም። የማስረጃን ትከሻ ጨበጡ።

«ጠርተሃል አሉ! ‹አምላኬ› ብለሃል አሉ! ልጄ ሰምታሃለች።»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«ይኸው! ምን አልኩህ? የጠራ ይተርፋል! ቁጭ በል፣ ቁጭ በል። ከእንግዲህ ልጄ ነህ።»

በቃ፣ ሆነ። ቆይቆይ ጆሮዋን ማመን አልቻለችም። አሁን ማስረጃ ምንም መናገር የለበትም። መዋሸት የለበትም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። «ዝም በል» አለችው በልቧ፤ «ዛሬን ብቻ፣ በምትወደው ሁሉ፣ ዝም በል።»

ማስረጃ ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። 

«አባቴ፣ ደስታዎን ማበላሸት አልፈልግም» አለ። «ግን ሳይነገርዎት ልጅዎን ብወስድ ሌባ እሆናለሁ። ‹አምላኬ› ያልኩት እውነት ነው። እምነት ይሁን ድንጋጤ አላውቅም። እሷንም ጠርቻለሁ። ስጠራ የመጣልኝ የእሷ እጅ ነው። ከእሷ እጅ ኋላ ሌላ እጅ ይኑር አይኑር አላየሁም። አላየሁም ነው የምልዎት እንጂ የለም አላልኩም። እዚያ ጣሪያ ላይ ደግሞ የእውነቴን ጠይቄው ነበር።»

«እና?»

«ነፋስ ነበር። ሌላ አልሰማሁም።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «ጠርተህ ተርፈህ! ምን ቀረህ? ምን ሌላ ትፈልጋለህ? የጠራ ይተርፋል! ያልጠራ …» ሳይጨርሱት ቀሩ።

 ቆይቆይ በፋሻ የተጠቀለሉትን እጆቿን ታያለች። ከደረጃው ጀምሮ አንድ ሐሳብ ልቧ ውስጥ ሲዞር ነበር፤ ልታባርረው ሞክራ አልሄደም። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማስረጃ የወደቀው ጥቂት ነው፤ መጠባበቂያው እስኪይዘው ድረስ ብቻ። በዚያች ጥቂት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጣራ። ወንድሟ የወደቀው ከዚያ በጣም ከሚበልጥ ከፍታ ነው።

«አባባ» አለች።  ለምን እንደምትጠይቅ ራሷም አታውቅም፤ መልሱን ከምንም ነገር በላይ ትፈራዋለች። «ወንድሜ ጊዜ ነበረው።»

አባቷ አላዩዋትም።

«ጊዜ ነበረው አባባ። እኔ አሁን ምን ያህል እንደሆነ አይቻለሁ። ይበቃዋል። እውነቱን ንገረኝ፤ አልጠራም?»

ምርኩዙ ከአባቷ እጅ ወደቀ። ማንም ሊያነሳው አልተንቀሳቀሰም።

«ጠርቶ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

 «‹አምላኬ› ብሎ ነበር። ቃሉን እንኳ እኔ ከእሱ ነው የሰማሁት። እሱ ነው ቀድሞ የጠራው፤ እኔ ተከትዬ ነው። አጠገቤ ነበር። እጁ እጄን ነክቶኝ ነበር።»

ቆይቆይ መሬቱ የከዳት መሰላት። ዕድሜዋን ሙሉ የቆመችበት ወለል እሱ ነበር፤ የጠራ ይተርፋል።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ልጅ ነበርሽ። በየቀኑ ‹ለምን ወንድሜን?› ትይኝ ነበር። ምን ልበልሽ? ‹እሱም ጠርቶ ነበር› ብልሽ ከዚያ ወዲያ መጸለይ ትተዪ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ላንቺ ስነግር ለራሴም ነገርኩ። ለሰው ሁሉ ነገርኩ። ስናገረው እውነት ይመስለኝ ነበር።» ወደ ማስረጃ ዞሩ። «አንተን ያባረርኩህ መጠባበቂያ ስለሌለህ አይደለም። ስታወራ የራሴን ጥያቄ ስለምሰማ ነው።»

ማስረጃ ከወንበሩ ተነሳ። ቆይቆይ ይሄዳል ብላ ፈራች። እሱ ግን ምርኩዙን አንስቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ሽማግሌው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ለመከራከር አይደለም።»

«ጠይቅ።»

«ይህን ሁሉ እያወቁ እስካሁን ይጸልያሉ። እንዴት?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ ሰዎች እቃ ይዘው ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች።

«ታዲያ ለማን ልንገረው?» አሉ።

ማስረጃ ወደ ሽማግሌው ጉልበት ጠጋ አለ። 

ቆይቆይ አለቀሰች። ፈርታ ነበር፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ከእንግዲህ ማንንም በአንዲት ቃል ማትረፍ እንደማትችል አወቀች፤ አባቷንም፣ ይህን ልጅም። ግን አሁን ወንድሟ ሳይጠራ፣ ብቻውን፣ ተረስቶ የሄደ ሰው አልነበረም። የአባቷን እጅ ነክቶ ነበር። ይህን ማንም አልነገራትም ነበር።

«እሷ ስትፈራ» አሉ አባቷ በድንገት፣ ማስረጃን እያዩ፣ «ምን ትላታለህ?»

«እኔም ፈርቻለሁ እላታለሁ።»

«በቃ?»

«በቃ። ከዚያ አብረን እንፈራለን።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ‹አትፍሪ› እያልኩ ነው ያሳደግኳት። አየህ ምን እንደሠራሁ።» በሸሚዛቸው እጅጌ ፊታቸውን ጠረጉ። «የሠርጉን ቀን ተነጋግራችሁ ንገሩኝ። የእጇ ቁስል ይዳን ብቻ።»

ከዚያ በዚያች ክፍል ውስጥ ተደርጎ የማያውቅ ነገር ሆነ። አባቷ የሞተውን ልጃቸውን ስም ጮክ ብለው ጠሩና መጸለይ ጀመሩ። ምስጋና አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር፣ ወቀሳ ነበር፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ነገር ሁሉ ነበር። ቆይቆይ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አድርጋ አብራ ጸለየች። ማስረጃ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ከንፈሩንም አላንቀሳቀሰም። የሽማግሌውን እጅ ግን ይዞ ነበር፤ እስኪጨርሱ ድረስ አልለቀቀም።